ለልጄ አማካሪ ምስጋና፣ ሎው ስኩል የሚያስብ ልጅ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ልጄ ኦገስት ላይ ሎው ስኩል ትጀምራለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእሱ ቀጥሎ የማመሰግናቸው የዩኒቨርሲቲዋን ፕሪ ሎው (ለሕግ ትምህርት የሚያዘጋጁ) አማካሪ ነው። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አልጽፈውም፤ ልጃችሁ እዚህ ሜሪላንድ የሚማር ከሆነ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸው ያሉበት ትምህርት ቤት ከሆነ እነግራችኋለሁ።

አገር ቤት ሕግ መማር የፈለገ ልጅ ሕግ ትምህርት ቤት ይገባል፣ አምስት ዓመት ተምሮ ኤልኤልቢውን ይዞ ይወጣል። እዚህ ሕግ የሚጀመረው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ጄዲ የሚሉት ሦስት ዓመት። ታዲያ ከዚያ በፊት ያለውን አራት ዓመት ምን ትማር? በዚህ ጉዳይ አዋቂ ያልሆነ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን የምናገኛቸው ወዳጆች «ፖለቲካል ሳይንስ ካልያዘች አይቀበሏትም» ይላሉ። እህቴ «ነርሲንግ ትያዝ፣ ሕጉ ቢቀር እንጀራዋ አይቀርም» ትላለች። በክፍያ የሚያማክር አንድ ሰውማ፣ ስሙ ላይ «ሕግ» የሚል ቃል የሌለበት ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ዋጋ የለውም ብሎ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሊያስከፍለን ነበር። ልጄ ያኔ ባዮሎጂ ይዛ ኬሚስትሪው ያስለቅሳት ነበር።

አማካሪዋ ዘንድ ቀጠሮ የያዘችው ራሷ ናት፤ እኔ ተከትያት ገባሁ። ሴትዮዋ ጨብጠው ወንበር ሰጡኝና ወደ ልጄ ዞረው «እናትሽ አብረውን ቢሰሙ ፈቃድሽ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። ከፋዩ ወላጅ ቢሆንም የኮሌጅ ተማሪን የትምህርት መረጃ ያለ ልጁ ፈቃድ ብዙውን ጊዜ ለወላጅ አይናገሩም ለካ። እውነት ለመናገር ቅር አለኝ። ልጄ ግን ቀና ብላ «አዎ» ስትል ሳያት ቅሬታዬ ለቀቀኝ።

«ምን ትወጃለሽ?» ብለው አልጀመሩም። ከመሳቢያቸው ከአንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ የተቀነጨበ ገጽ አወጡ፣ እርሳስ ሰጧትና «ክርክሩ ሁሉ የቆመበትን አንድ ዓረፍተ ነገር አስምሪበት» አሏት። ሁለት ቦታ አሰመረች። «አንዱን ምረጪ» አሏት፣ መረጠች። «አሁን ይሄ ዓረፍተ ነገር ውሸት ቢሆን ውሳኔው ምን ይሆናል? በሦስት መስመር ጻፊልኝ።» ጻፈች። አንብበው አንዲት ቃል ሰረዙና «በየሳምንቱ እንዲህ የሚያሠራሽ ዲፓርትመንት እንፈልግልሽ» አሉ። ኤልሳት የሚሉት የመግቢያ ፈተናም የሚመዝነው ይህንኑ ነው። እንቆቅልሽ የሚመስለው የ«ሎጂክ ጌምስ» ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ ስለወጣ፣ አሁን ነጥብ የሚያዝበት ክርክርን መመርመርና አንብቦ መረዳት ነው፤ ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ይሰጣል።

ግድግዳቸው ላይ የዘጠኙ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ፎቶ አለ፤ ከየፎቶው ሥር ዳኛው በመጀመሪያ ዲግሪ የተማረው ተጽፏል። ሮበርትስ፣ ሶቶማዮር፣ ኬገንና ካቫኖ አራቱም ታሪክ ነው የተማሩት። ቶማስና ባሬት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ። የቀሩት ሦስቱ ፖለቲካና የመንግሥት አስተዳደር ነክ ትምህርት ነው የያዙት፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻችንም ጨርሶ አልተሳሳቱም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ራሱ ይህን ወይም ያንን ሜጀር ያዙ ብሎ አይመክርም፤ የሚለው ብዙ አንብቡ፣ ብዙ ጻፉ፣ በማስረጃ ተከራከሩ ነው።

ልጄ የዳኞቹን ፎቶ አይታ ሳይሆን ወረቀቱን ሠርታ ወደ ታሪክ አደላች። እኔ ደግሞ ፊት ለፊት «ታሪክ ተምራ ምን ልትበላ ነው?» አልኳቸው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፋል። እሳቸው እርሳሳቸውን አስቀምጠው ተገቢ ጥያቄ መሆኑን፣ ሕግ አስቦ ጀምሮ ሐሳቡን የሚለውጥ ልጅም እንዳለ ነገሩኝ። ከዚያ ታሪኩ ላይ ስታቲስቲክስና አካውንቲንግ ጨመሩላት፤ ሕጉ ባይሆን ለሥራ፣ ከሆነም የድርጅት ሒሳብ ማንበብ የምትችል ጠበቃ እንድትሆን። ከፍልስፍና ዲፓርትመንት ደግሞ የሎጂክ ኮርስ። ይሄ ሎጂክ የሚሉት ነገር ቤታችንን ለአንድ ሰሚስተር በጥብጦታል፤ ራት ላይ «እማዬ፣ ይሄማ ከዚያ አይከተልም» እየተባልኩ ነው የበላሁት።

ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒዩተር ሳይንስ ወዶ የያዘ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ለሕግ ሲል እንዳይጥለው። በፓተንት ቢሮ የፈጠራ ማመልከቻ ይዞ ለመቅረብ የሳይንስ ወይም የኢንጂነሪንግ መሠረት ይጠየቃል፤ ታሪክ የተማረችው ልጄ ያንን በር መግባት አትችልም።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን ለትራንስክሪፕቱ ነው። ልጄ የተበላሸውን ኬሚስትሪ ደግማ ልትወስድና የቀድሞውን ውጤት ልታስጠፋ አስባ ነበር። «ዩኒቨርሲቲው ይተካልሻል፣ ኤልሳክ ግን ሁለቱንም ይቆጥራል» አሏት። ኤልሳክ ፈተናውን የሚሰጠውና ማመልከቻውን ለትምህርት ቤቶቹ የሚያደርሰው ድርጅት ነው፤ ጂፒኤውንም በራሱ መንገድ ነው የሚያሰላው። በኮሚኒቲ ኮሌጅ የተወሰደው ይደመራል። ሃይስኩል እያሉ ለኮሌጅ ክሬዲት የወሰዱትም ይደመራል፤ ልጆቻችንን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ የኮሌጅ ኮርስ የምናስደረድር ወላጆች ይህን እንወቅ። ያን ሰሚስተር እያሰጋት የነበረውን ሌላ ኮርስ ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ በዊዝድሮው (ኮርሱን በማቋረጥ) እንድትወጣ አደረጓት፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚጻፈው ተራ ደብሊው አይቆጠርም፣ ኤፍ ግን ይቆጠራል። የፋይናንሻል ኤይዷን የሚነካ እንዳይሆን መጀመሪያ ወደዚያ ቢሮ ደውለው አጣሩ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነው የደወሉት።

ስለ ድጋፍ ደብዳቤም አንድ ምክር ሰጧት፤ መቶ ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ ብቻ አትማሪ፣ በየዓመቱ አንድ ትንሽ ሴሚናር ያዢ፣ ጽሑፍሽን የሚያውቅ መምህር ይኑርሽ የሚል። ደብዳቤዎቿ ከእነዚያ ሴሚናሮች መጡ።

ከተቀበሏት በኋላም አልተዋትም። አንዱ ትምህርት ቤት ዳጎስ ያለ ስኮላርሺፕ ሰጥቷት ቤታችን እልል ብሎ ነበር። ደብዳቤውን ላከችላቸው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለችውን ትንሽ አንቀጽ አክብበው መለሱላት፤ ጂፒኤዋ ከተወሰነ ነጥብ በታች ከወረደ ገንዘቡ ይቋረጣል ትላለች። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት በከርቭ፣ ማለትም ተማሪዎቹን እርስ በርስ በማወዳደር ስለሚሰጥ፣ ክፍሉ በሙሉ ጎበዝ ቢሆንም ከግማሽ በታች የሚወድቅ መኖሩ አይቀርም። በዚህ ምክንያት ስንት ተማሪ ስኮላርሺፕ እንደተቀነሰበት ወይም እንደተቋረጠበት ትምህርት ቤቶቹ በየዓመቱ ይፋ ማድረግ አለባቸው፤ ቁጥሩን ከየት እንደምታገኘው አሳዩዋት። አይታ አነስ ያለ ገንዘብ የሰጣትን፣ ነገር ግን ምንም ቅድመ ሁኔታ ያላስቀመጠውን መረጠች።

ለዚህ ሁሉ የከፈልነው የለም። አገልግሎቱ ከሚከፈለው የትምህርት ክፍያ ውስጥ ነው፤ ያ በክፍያ የሚያማክረው ሰው ያን ያህል ገንዘብ ጠይቆን እንዲህ ያለውን አንዱንም አልነገረንም። ለፈተናውና ለማመልከቻው ኤልሳክ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ከክፍያ ነጻ የሚያደርግበት መንገድ እንዳለው የነገሩንም እሳቸው ናቸው፤ አስቀድማችሁ አመልክቱ።

አገር ቤት ኤልኤልቢ ይዛችሁ የመጣችሁ ጠበቆች፣ ይሄ የእናንተ መንገድ አይደለም። ኒውዮርክን በመሳሰሉ ግዛቶች በአንድ ዓመት ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ለባር ፈተና፣ ማለትም ለጥብቅና ፈቃድ ፈተና የመቅረብ ዕድል ስላለ፣ የግዛቱን ደንብ አንብባችሁ የኤልኤልኤም ቢሮዎችን ጠይቁ።

ሌሎቻችሁ በልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ «ፕሪ ሎው አድቫይዚንግ» ብላችሁ ፈልጉ። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ያለ ልጅ ሊዛወርበት ወዳሰበው ዩኒቨርሲቲ አማካሪ ኢሜይል ይጻፍ። ቀጠሮውን ልጁ ራሱ ይያዘው፣ ከየትምህርት ቤቱ ያለውን ትራንስክሪፕት ሁሉ ይዞ ይሂድ፣ ቢቻል በመጀመሪያው ዓመት፤ የኮርስ ማቋረጫው ቀን ሳያልፍ።