የመስኖ ፓምፕ በክረምት፦ ጓዳ ይደር ወይስ ዳስ ሥር?
ሸዋሮቢት ላይ ዝናቡ ሲገባ ፓምፑ ሥራ ይፈታል። ብዙው ሰው ሌባ ፈርቶ ከነቤንዚኑ ጓዳ ያስገባዋል። ከሌባስ ያድናል። ችግሩ የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ተስቦ በበሩ ሥር ያልፍና ቡና የሚፈላበትን ከሰል ያገኛል። «አገሩ ብርድ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ምኑም አይደለም። (ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እንዲህ አያደርግም።)

ግድግዳ የሌለው ዳስ ሥር ነፋሱ ትነቱን ይበትነዋል። ሰንሰለትና ቁልፍ ይፈልጋል፣ ዝገትም አለ። ቢሆንም እኔ ዳሱን እመርጣለሁ። ጓዳ የግድ ከሆነ ሞተሩ በርዶ ሳለ ደጅ ላይ ቤንዚኑን ከታንኩ ወደ ጄሪካን ቅዱት፣ ከዚያ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ አስነሱት። ጄሪካኑ ግን ባዶም ቢሆን ቤት አይግባ፤ ውስጡ ትነት አለ።