ባለ 40 ጉልበቱ የጀልባ ሞተር ጣና ላይ፦ ከዓመት በላይ ከሠራሁበት በኋላ

ሞተሩ የጃፓን ሥሪት ነው። ባለ ሁለት ምት፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በገመድ ተስቦ የሚነሳ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው አመላልስበታለሁ፤ አንዳንዴም ወደ ደቅ ደሴት ዕቃ እጭንበታለሁ። ክረምቱንም በጋውንም አብረን አሳልፈናል።

ጉልበቱ ይበቃል። ግን ካታሎጉ ላይ የተጻፈው 40 እዚህ ሙሉ 40 አይደለም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጀልባው ሙሉ ጭነት ይዞ ቶሎ አልፈጥን ሲለኝ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር አሰርኩለት፤ ያኔ ተስተካከለ። ቤንዚን ይጠጣል፤ የባለ ሁለት ምት ነገር ነው። ጠዋት ሁለት ሦስቴ ሲሳብ ይነሳል፣ ካንዴላው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ አያስቸግርም። ስለዚህ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ይህን ሞተር የሚያኖረውም የሚገድለውም ማቀዝቀዣው ውሃ ነው። እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። የሐይቁን ውሃ ራሱን ነው የሚጠቀመው። ከፕሮፔለሩ ከፍ ብሎ፣ በእግሩ (ውሃ ውስጥ በሚገባው የሞተሩ ክፍል) ግራና ቀኝ፣ ወንፊት ያለው መግቢያ አለ። ውሃው በዚያ ይገባል፣ እግሩ ውስጥ ያለው የጎማ ፓምፕ በቱቦ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሲሊንደሩንና ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ዞሮ ይወጣል። ጥቂቱ ከሞተሩ ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ በቀጭኑ ይፈስሳል። የእኔው ሞዴል የሙቀት ጌጅም ሆነ የማስጠንቀቂያ ድምፅ የለውም። ያለኝ ምልክት ያቺ ቀጭን ውሃ ብቻ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ፍሰቱ ሲቀንስ እንፋሎት የሚመጣው በባሕር ጠለል ላይ ከሚሠራ ሞተር ቀድሞ ነው። ውሃዋ ከቀረች ቶሎ ማጥፋት ነው፤ አለዚያ ፒስተኑ ነክሶ ይቀራል።

ግን ያቺ ውሃ ስትቀንስ ፓምፑን ለመፍታት መሮጥ አያስፈልግም። ጣና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እምቦጭ ነው። አረሙ ሐይቁ ላይ መታየቱ ከተነገረ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ሲያስቸግር ኖሯል። ቅጠሉ ከላይ ስለሚንሳፈፍ ይታያል፤ ጣጣው ያለው ሥሩ ላይ ነው። እንደ ላባ የሳሳ፣ ጥቁር ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጭራ ነው። ፕሮፔለሩ ሲቆራርጠው መግቢያው ወንፊት ላይ ይለጠፋል፣ ሲደራረብ ውሃ አያሳልፍም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ እግሩን ከውሃ አውጥቶ በጣት መላጥ ነው። ማርሹን ወደ ኋላ አድርጎ ጥቂት መንዳትም አንዳንዴ ያራግፈዋል።

ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ውሃው ቀጭን ከሆነ ቀዳዳዋን ራሷን አያለሁ። የደረቀ ደለል ይደፍናታል። ክዳኑን አንስቼ ወደ ቀዳዳዋ የሚሄደውን ትንሽ ቱቦ እነቅላለሁ። ከቱቦው ውሃው በኃይል ከወጣ ችግሩ አፏ ላይ ብቻ ነው፤ የዓሣ መረብ ክር ወይም ቀጭን ሽቦ ይበቃታል። ይህችን ሳያዩ ፓምፕ ያስቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ ገንዘባቸው በጣም ያሳዝነኛል።

ሌላው አየር ነው። ገዳሙ ሲቃረብ ተሳፋሪው ተነስቶ ወደ ፊት ይሰበሰባል። ጀልባው በአፍንጫው ሲያዘነብል ኋላው ይነሳል፣ መግቢያውም ወደ ውሃው ፊት ይጠጋና አየር ይስባል። ያኔ ምልክቷ ውሃ እየተቆራረጠች ትተፋለች። መፍትሔው ሰውን በትሕትና ማስቀመጥ ነው። ጭነቱ ተስተካክሎም ከቀጠለ ሞተሩ ከፍ ብሎ ታስሯል ማለት ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባው ወለል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ስትቀመጥ የእኔው ጸጥ ብሏል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልሆነ ነው ፓምፑ የሚከፈተው። ክረምት ላይ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ደለላቸውን ሲያመጡ ውሃው ቡናማ ይሆናል። ያ ደቃቅ አፈር በፓምፑ ውስጥ ሲዞር ጎማውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ከክረምት በኋላ የእኔን ስፈታው የጎማው ክንፎች ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጣመው ቀርተዋል፤ በጣት ብገፋቸው አይመለሱም። ከሥሩ ያለችው የብረት ሳህን ላይ ደግሞ ክብ ክብ ጭረት ነበር፣ ጥፍር የሚይዝ። ሳህኗ እንዲህ ከሆነች ጎማውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ አዲሱም አይገፋም። ጎማውን፣ ማቀፊያውን፣ ሳህኗንና ጓርኒሲዮኑን (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) አንድ ላይ ነው የምቀይረው። በዓመት አንዴ፣ ከክረምት መውጫ ላይ።

የፓምፕ ድካም መለያው ይኸው፦ በዝግታ ሲሠራ ውሃው ተንጠባጥቦ፣ ቤንዚን ሲሰጠው የሚበረታ ከሆነ ጎማው አልቋል። በዝግታ ደህና ሆኖ ሲፈጥን የሚግል ከሆነ ግን ወንፊቱ ወይም አየሩ ነው። ሲገጠም ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ እያዞሩ ማስገባት ግድ ነው፣ ክንፎቹ በትክክለኛው ጎን እንዲታጠፉ። ዘንጉ ላይ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ብረት እንዳትወድቅ በግራሶ ለጠፍ ማድረግ ነው፤ እሷ ከሌለች ዘንጉ ብቻውን ይዞራል፣ ጎማው ይቆማል።

የሚያታልለው ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣውን ውሃ ይዞ ሲሞቅ የሚከፍት ትንሽ በር ነው። የእኔው ሞተር ላይ የምልክቷ ውሃ የምትወጣው ከቴርሞስታቱ በፊት ነው። ስለዚህ እሱ ተዘግቶ ቢነክስም ውሃዋ አምራ ትፈስሳለች፣ ቴስታታው ግን ይግላል። ጥርጣሬ ሲገባኝ አንዲት ጠብታ ውሃ ቴስታታው ላይ አኖራለሁ። ቺስ ካለች ነገር አለ። ቴርሞስታቱን ፈትቶ፣ ድስት ውስጥ ሙቅ ውሃ ላይ አንጠልጥሎ መከፈቱን ማየት ቀላል ነው። «አገሩ ሙቅ ነው፣ አውጥተህ ጣለው» የሚሉ መካኒኮች አሉ። አልስማማም። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲቀዘቅዝ ነዳጁ በደንብ አይነድም፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ካርቦን ይሞላል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሞተሩ ላይ አይደለም፣ መለዋወጫው ላይ ነው። ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል» ተብሎ የተሸጠልኝ ጎማ በአጭር ጊዜ ደርቆ ተሰነጠቀ። አሁን ከመክፈሌ በፊት ክንፉን በጣቴ አጥፌ አያለሁ፤ ወዲያው ካልተመለሰ አልገዛም። ሁልጊዜም አንድ ሙሉ የፓምፕ ዕቃ ጀልባው ላይ አለ።

ሳምንቱ ሲያልቅ በርሜል ንጹሕ ውሃ ሞልቼ ሞተሩን እዚያ ውስጥ አስነሳዋለሁ፣ ደለሉ ታጥቦ እንዲወጣ። ውሃው ከመግቢያው በላይ ካልሆነ ገመዱን አልነካም፤ በደረቁ ከተነሳ ጎማው ወዲያው ይቃጠላል።

እንደገና ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ። ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ግን ሻጩ በርሜል ውስጥ አስነስቶ አሥር ደቂቃ ያህል ያሠራላችሁ። በዝግታ ሲሠራ ውሃው እንዴት እንደሚወጣ እዩ፣ ቴስታታው ላይም ጠብታዋን ሞክሩ። ከዚያ እግሩ ይፈታ በሉ። የሳህኗን ጭረት በጥፍራችሁ ሳትነኩ ዋጋ አትነጋገሩ።