ሃይሉክስን ከፍ ማድረግ፦ ስፔሰር፣ ሻክል ወይስ ሙሉ ሞላና ባሌስትራ?

ፒክአፑን ለማስነሳት ጋራዥ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ኢንች ይሁን?» የሚል ነው። መቅደም የነበረበት ግን «በአዘቦት ቀን ስንት ኩንታል ይዞ ይውላል?» የሚለው ነበር። 2 ኢንች፣ ማለትም 50 ሚሊሜትር ገደማ፣ በርካሽም በውድም ይገኛል። መኪናው ባዶውን ቆሞ ሲታይ አንዱ ከሌላው አይለይም። የሚለየው 6 ከረጢት ሲሚንቶ ጭኖ ኮረኮንች ላይ ሲወጣ ነው።

ንጽጽሩ ለሁለት የሃይሉክስ ሞዴሎች፣ ለቪጎና እ.ኤ.አ. በ2015 እሱን ለተካው ሬቮ ነው። ሁለቱም ፊታቸው ሞላና ሾክ፣ ኋላቸው ባሌስትራ ስለሆነ ምክሩ እምብዛም አይለያይም።

ጎማውን አስቀድሙ

ሞላና ባሌስትራ የሚያነሱት ሻንሲውን ነው። የኋላ ዲፈረንሻል ከአክስሉ ጋር በጎማዎቹ መሃል ስለተንጠለጠለ ምንም ያህል ቢወጣበት አንዲት ሚሊሜትር አይነሳም፤ እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ሬቮ በብዛት ይዞት የሚመጣው 265/65 አር 17 ጎማ ዲያሜትሩ 776 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 265/70 አር 17 ሲገባ 803 ይሆናል። ከልዩነቱ ከሥር የሚገኘው ግማሹ ነው፣ 13 ሚሊሜትር። ትንሽ ይመስላል እንጂ ድንጋይ የሚመታው እዚያው ላይ ነው። ፍጥነት ቆጣሪው 100 ሲል መኪናው 103 እየሄደ መሆኑን ግን አይርሱ። 285/70 አር 17 የሚመኝ ሰው ደግሞ መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ጎማው ፓራፋንጎውንና የፓራውልቱን ጫፍ እንደሚያሽ ይወቅ፤ 2 ኢንች መነሳት ብቻውን አያድነውም።

ለብዙ ሰው ጥሩ ጎማና ያልደከመ የኋላ ባሌስትራ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ይቀጥል።

ፊት፦ ስፔሰር ወይስ አዲስ ሞላና ሾክ

ስፔሰር ከሾኩ አናት ላይ የሚታሰር ወፍራም ቀለበት ነው። ሾኩ የታችኛውን አርም (ጎማውን ከሻንሲው የሚያገናኘውን ክንድ) የሚይዘው ከመሃሉ አካባቢ ስለሆነ 25 ሚሊሜትር ውፍረት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ 50 ይጠጋል። ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፦ ሻጩ «ባለ 2 ኢንች» ሲል ውፍረቱን ይሁን ውጤቱን ጠይቁ፤ እዚያው ሜትር አውጥታችሁ ለኩት። ውፍረቱ 50 የሆነውን የገጠመ ሰው መኪናውን ወደ 4 ኢንች አነሳ ማለት ነው፤ ያኔ ሲቪ ጆይንቱ፣ ማለትም ለፊት ጎማው ኃይል የሚያደርሰው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ፣ ዕድሜ አይኖረውም።

የስፔሰር ጥሩ ጎኑ ርካሽነቱና የፋብሪካውን ምቾት አለመንካቱ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ነው። ጎማው ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ስለሚወርድ የላይኛው አርም ሞላውን ይነካል፣ ቦል ጆይንቱም ከልኩ በላይ ይታጠፋል። በሞላውና በቆቡ መካከል የሚገባው ሌላው ዓይነት ደግሞ ሾኩን ወደ ዝርጋታው ጫፍ ስለሚያስጠጋው ከጉብታ በወረዱ ቁጥር «ቋ» ይላል። ከሁሉም በላይ ሞላው ያው አሮጌው ሞላ ነው፤ የብረት ቡል ባር የተጫነበት ሃይሉክስ ላይ ስፔሰር መጨመር የደከመ ሰው በርጩማ ላይ እንደማቆም ነው።

ሞላውና ሾኩ አብረው ሲቀየሩ ግን (ኦልድ ማን ኢሙ፣ አይረንማን፣ ዶቢንሰንስና የመሳሰሉት የሚሸጡት በዚህ መልክ ነው) ከ40 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚገኘው ከራሱ ከሞላው ነው፣ ሾኩም ለዚያ ርዝመት የተሠራ ነው። የሚመረጠው በክብደት ነው፦ የፋብሪካ ፓራውልት ብቻ ላለው፣ ቡል ባር ላለው፣ ቡል ባርና ዊንች ላለው። የብረት ቡል ባር ከነዊንቹ አንድ ኩንታል አካባቢ ነው። «ወደፊት እገጥማለሁ» ብሎ ዛሬ የከባዱን ሞላ የሚገዛ ሰው የሚያገኘው አፍንጫው የተቀሰረ፣ በየስንጥቁ የሚዘል መኪና ነው።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከእነዚህ ዕቃዎች አብዛኞቹ የአውስትራሊያ ናቸው፤ እዚያ መሪው በቀኝ ነው። በአንዳንዱ ጥቅል አንዱ ሞላ ከሌላው ትንሽ ይረዝማል፣ «የሾፌር ጎን» የሚል ምልክትም ይኖረዋል። የእኛ ሾፌር በግራ ነው። ከመፈታቱ በፊት ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ አራቱንም ጎን ለክታችሁ ጻፉ፤ ረጅሙ ሞላ ዝቅ ባለው ጎን ይገባል፣ ጽሑፉ የፈለገውን ይበል። ከመሬት መለካት ግን አይጠቅምም፤ የጎማ ንፋስ ያሳስታል።

ሞላና ሾኩ ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ማግኘት ከቻላችሁ ትንሽ ጨምራችሁ እሱን ውሰዱ። ሞላ በትክክለኛ መጭመቂያ ካልተያዘ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል፤ በሽቦና በክሪክ የሚጨምቅ ጋራዥ ካያችሁ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቀድሞ የነበሩት ዲማክስና ኤል 200 ፊታቸው ቶርሽን ባር (በሞላ ፋንታ እየተጠመዘዘ የሚሸከም ዘንግ) ስለሆነ በብሎን ማጥበቅ ብቻ ይነሳሉ፤ ወጪ የለውም። 25 ሚሊሜትር ላይ ቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው የሚወርድበት ቦታ አልቆ መኪናው እንደ ጋሪ ይንገጫገጫል።

ኋላ፦ አምስቱ አማራጮች እኩል አይደሉም

ሻክል የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ማንጠልጠያ ነው፤ ረጅም ሻክል ርካሹ ነው። ሻክሉ ከረዘመው ግማሹን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ 2 ኢንች የረዘመ ሻክል መኪናውን 1 ኢንች ያነሳል። አክስሉን ስለሚያዞረው የትራንስሚሽን ዘንጉ ማዕዘን ይበላሻል፣ መኪናውም በጎን ይወዛወዛል። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባው የብረት ብሎክ ጭነት የመሸከም አቅም አይጨምርም፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ አክስሉ ባሌስትራውን ጠምዝዞ ይዘላል።

ባሌስትራ ማስቀጥቀጥ በየከተማው አለ። አንጥረኛው በእሳት አግሎ ከቀጠቀጠው ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል፤ ለጥቂት ወራት ቀጥ ብሎ ይቆምና ተመልሶ ይተኛል። ሳይጋል በፕሬስ የታጠፈ ይሻላል። አንድ ቅጠል መጨመርም ይቻላል፤ ሁልጊዜ 2 ወይም 3 ኩንታል ለሚይዝ መኪና ዋጋው ተመጣጣኝ ነው። ግን አዲሱ ቅጠል ከአሮጌዎቹ በላይ ስለሚሸከም መኪናው ባዶውን ሲሄድ ያንገጫግጫል፣ አሮጌዎቹ ከሳሱም ቀድመው ይሰበራሉ።

ሙሉ አዲስ ባሌስትራ ከረጅም ሾኩ ጋር ከሁሉም ይሻላል፣ ግን እሱም በሁልጊዜ ጭነት መመረጥ አለበት፦ ባዶ፣ 3 ኩንታል፣ 5 ኩንታል። በወር አንዴ 8 ኩንታል የሚጭን ሰው የ5ቱን ገዝቶ ቀሪውን 29 ቀን ወገቡን ባይቀጣ ይመረጣል፤ ቀለል ያለውን ይውሰድና ለዚያች ቀን ጭነቱን በሁለት ጉዞ ይከፍለው። ደግሞም ሃይሉክስ ከፋብሪካ ሲወጣ ኋላው ከፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ ፊቱን 2፣ ኋላውን 1 ኢንች ማንሳት ለብዙ ሰው ልክ ነው።

ከፍታው ይዞት የሚመጣው ጣጣ

ፊቱ 50 ሚሊሜትር ሲነሳ ካስተር የሚባለው የጎማ ማዕዘን ይቀንሳል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ መኪናው አስፋልት ላይ ይቅበዘበዛል። አላይመንት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ማስተካከያው እስከ ጫፉ ተሄዶም ካልበቃ የላይኛውን አርም በሌላ መቀየር ግድ ነው። ይህ ወጪ ሲጨመር የ3 ኢንች ምኞት በአብዛኛው ይበርዳል። የፊት ዲፈረንሻሉን በ20 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ የሚያደርግ መያዣ የሲቪ ጆይንቱን ማዕዘን ያቃልላል። እሱ ባይገጠምም እንኳ በየሰርቪሱ ላስቲኮቹ እንዳልተሰነጠቁ ተኝታችሁ እዩ።

ብዙ ጋራዥ የሚረሳው ግን ፍሬን ነው። ብዙ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ አላቸው። ጭነት ሲኖር ኋላው ይወርዳል፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። ኋላው በባሌስትራ ሲነሳ ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። ሙሉ ጭነት ይዞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ላይ ይህ ማለት የፊት ፍሬን ከድርሻው በላይ ተሸክሞ ይግላል ማለት ነው። መፍትሔው አክስሉ ላይ ያለውን የዘንጉን መያዣ መኪናው በተነሳበት ልክ ከፍ ማድረግ ነው፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። የፍሬን ጎማ ቱቦዎችና የኤቢኤስ ሽቦዎችም ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ እንዳልተወጠሩ ይታይ።

ከቆመበት በዝግታ መሄድ ሲጀምር የሚንቀጠቀጥ ደብል ጋቢና ካለ የመካከለኛው የትራንስሚሽን ኩሽኔታ ማዕዘኑ ተዛብቷል፤ ከመያዣው ሥር ቀጭን ስፔሰር ይገባለታል። መብራቱም ወደ ላይ ስለሚያይ ይውረድ።

አካሉን ከሻንሲው ለይቶ ከፍ ማድረግና ሻንሲ ተቆርጦ የሚገባው የ4 እና የ6 ኢንች ሥራ ለትርዒት ነው። አንዱ ከሥር ምንም ክፍተት አይጨምርም፣ ሌላው ሊመለስ አይችልም።

ሲገጠም

ጎሚኒ ያላቸው ብሎኖች በሙሉ የመጨረሻ ጥብቂያቸውን የሚያገኙት መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ስለሚውል በጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ይቀደዳል፣ ከፍታውም የተዛባ ይሆናል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ብሎኖች አንዴ ከተወጠሩ በኋላ ተመልሰው አይገቡም፤ አዲስ ከነዳዶው ይገዛ፣ 500 ኪሎሜትር ላይ ደግሞ ይጠበቅ። አዲስ ሞላ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ይቀመጣል፤ አላይመንቱ የሚደገመው 1,000 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ነው፤ ያን ቀን የጻፋችሁትን ልኬት አውጥታችሁ አራቱን ጎን አስተያዩ።

ሾኩ ሥራውን መሥራቱን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ረጅም ኮረኮንች ተነድቶ እንደቆመ እጅን በጥንቃቄ ወደ እያንዳንዱ ሾክ ማስጠጋት ይበቃል። ሦስቱ ግለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ የሞተው ቀዝቃዛው ነው።