አቦሉ ሆልምስ እና በረካው ሆልምስ

ደሴ ላይ ከወዳጆቼ ጋር ቡና ይዘን የልብ ወለዱን መርማሪ የሸርሎክ ሆልምስን ታሪኮች ስናነጻጽር፣ እ.ኤ.አ. በ1892 የታተመው ስብስብ እና በ1927 የወጣው የመጨረሻው እኩል 12 ታሪክ ይዘው ሳለ የኋለኛው ለምን እንዳሳዘነን ያስረዱን ሁለት ገዳይ እንስሳት ናቸው።

በፊተኛው ስብስብ ካሉት ታሪኮች በአንዱ፣ ከወለሉ ጋር የተቸነከረው አልጋ፣ ቢስቡት የማይደወለው የደወል ገመድ እና ወደ ጎረቤት ክፍል የሚያሳልፈው ቀዳዳ አስቀድመው ዓይናችን ፊት ስለተቀመጡ፣ እባቡ ሲገለጥ «እንዴት አመለጠኝ!» ያሰኛል። በኋለኛው ስብስብ በአንዱ ታሪክ ግን ገዳዩ ጄሊፊሽ የሚባለው ተናዳፊ የባሕር እንስሳ ነው፤ የምስጢሩ ቁልፍ ሆልምስ ድሮ ካነበበው መጽሐፍ ትዝ ያለው ነገር በመሆኑ አንባቢው እኩል አይፎካከርም። ተራኪውም ራሱ ሆልምስ ነው፤ የወትሮው ተራኪ፣ የጓደኛው የዋትሰን መደነቅ በእጅጉ ይጎድላል።

አንዱ ወዳጄ «በረካም ምርቃት አለው» ብሎ ተሟግቷል፤ እኔ ግን አቦሉን እመርጣለሁ።