የማሳ ልውውጥ ምዝገባ፦ ስፋቱ ተለክቷል፣ አፈሩ ግን አልተገመተም

የአባቴ ይዞታ በድምሩ አንድ ሄክታር ገደማ ቢሆንም፣ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ድልድል ከለሙም ከጭንጫውም ስለደረሳቸው አምስት ቦታ የተበጣጠሰ ነበር። ባለፈው በጋ ከወንዝ ማዶ ያለውን ማሳ ሰጥተው ከቤታቸው ሥር ካለው እርሻቸው ጋር ኩታ ገጠም የሆነውን የጎረቤታቸውን ማሳ ለመቀበል ሲስማሙ፣ ጉዳዩን ይዤ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት የተመላለስኩት እኔ ነኝ።

ልውውጡ በፈቃድ የሚፈጸም ነው፤ ከ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ጀምሮ አርሶ አደሩ አነስተኛ ማሳዎቹን ለልማት አመቺ ለማድረግ እንዲለዋወጥ ይበረታታል። ሁለታችንም ካርታ ያለው የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ደብተር ስለነበረን ማሳውን ለመለካት ገመድ መጎተት አላስፈለገም፤ ባለሙያዋ ሁለቱን ማሳዎች በመለያ ቁጥራቸው ፈልጋ በኮምፒውተሩ ላይ አሳየችን። እናቴም በአካል ቀርበው ካልፈረሙ አይሆንም ተባልን። አባቴ የግማሽ ቀኑን መንገድ አስበው ቢያጉረመርሙም፣ ደብተሩ የሁለቱንም ፎቶ የያዘ ነውና አሠራሩን እደግፈዋለሁ።

ትልቁ ጉድለት ግምቱ ላይ ነው። ቅጹ ስፋትንና አዋሳኝን ይጠይቃል እንጂ ስለ አፈሩ ዓይነት፣ ስለ ርቀቱም ሆነ በጠርዙ ስላለው ዛፍ የሚሞላበት ቦታ የለውም። የጎረቤታችን ማሳ በስፋት ጥቂት ቢያንስም ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ለም አፈር ነው፤ የእኛው ሰፊ ሆኖ ድንጋይ ይበዛዋል። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ሁለት እሑድ ተቀምጠው፣ ከሁለቱም ማሳ አፈር ዘግነው በውኃ አርሰው በጣታቸው እያሹ ካመዛዘኑ በኋላ፣ አባቴ በጠርዙ ያለውን ባሕር ዛፍ ጨምረው እንዲሰጡ ወሰኑ። ይህ ውሳኔ በመዝገቡ ላይ አልሰፈረም፤ ነገ ልጆች ቢካሰሱ ማስረጃው የሽማግሌዎቹ ቃል ብቻ ነው።

አዲሱ ደብተር ሲመጣ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ያለው አዋሳኝ በቀድሞው ባለይዞታ ስም ተጽፎ አገኘነው፤ ለማሳረም ሌላ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ደብተር ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ አራቱንም አዋሳኞች አንብቡ።

ሁለት ሰዎች አስቀድመው ከተስማሙ አገልግሎቱን እመክራለሁ። አባቴ አሁን ሁለቱን ማሳ በሬዎቻቸውን ሳይፈቱ ያርሳሉ፤ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወንዝ መሻገርም ቀርቷል። አጎቴ ግን ከሁለት ሰዎች ጋር በዙር ለመለዋወጥ ጠይቀው፣ በየጥንዱ ተለያይታችሁ ኑ ስለተባሉና ከሦስቱ ቀድሞ ማሳውን የሚለቅ ስለጠፋ፣ ጉዳያቸው እስከ ዛሬ እንደቆመ ነው።