የሊኑክስ ሲኤንሲ የማክሮ መመሪያ በጀማሪ ዓይን

በቤታቸው አነስተኛ የመቁረጫ ማሽን (ፍሬዛ ወይም ቶርኖ) ያላቸው ብዙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ሊኑክስ ሲኤንሲ በነጻ የሚገኝ የማሽን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው። የማክሮ (በተለዋዋጭ ዋጋዎችና በንዑስ ፕሮግራሞች የሚሠራ የማሽን ትእዛዝ) አጻጻፍን የሚያብራራው የመመሪያው ክፍል ትክክለኛና ዝርዝር ቢሆንም፣ የተዘጋጀው ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንጂ ለጀማሪ ማስተማሪያ እንዲሆን አይመስልም።

ለምሳሌ ፓራሜትር 3 (ፓራሜትር ማለት በቁጥር የሚጠራ፣ ዋጋው ሊቀየር የሚችል ማስቀመጫ ነው) ቀድሞ 10 ከነበረና በአንድ መስመር ላይ 6 እንዲሆን ታዝዞ፣ በዚያው መስመር ኤክስ (ማሽኑ ከሚንቀሳቀስባቸው አቅጣጫዎች አንዱ) ወደ ፓራሜትር 3 እንዲሄድ ከተጻፈ፣ ማሽኑ የሚሄደው ወደ 10 ነው፤ 6 የሚሠራው ከቀጣዩ መስመር ጀምሮ ነው። መመሪያው ይህን ከነምሳሌው ማስፈሩ ያስመሰግነዋል፤ ሆኖም መቁረጫ ሊያሰብር የሚችል ጉዳይ ጎላ ባለ ማስጠንቀቂያ እንጂ በተራ አንቀጽ መቅረብ አልነበረበትም።

ከ1 እስከ 30 ያሉት ፓራሜትሮች በንዑስ ፕሮግራሙ (ከፕሮግራሙ ተጠርቶ በሚሠራው የትእዛዝ ክፍል) ውስጥ ብቻ የሚያገለግሉ ሲሆን፣ ከ31 እስከ 5000 ያሉት ግን ለመላው ፕሮግራም የጋራ ናቸው። ይህ ልዩነት ንዑስ ፕሮግራም ከሚጠራበት ምሳሌ ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ፣ ጀማሪው በሁለት ምዕራፎች መካከል ከመመላለስ ይድን ነበር። የፓራሜትርን ዋጋ በስክሪን ላይ የሚያሳየው የዲበግ መልእክትም (በእኔ ግምት ለተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው) ከመጀመሪያው ምሳሌ ጋር አብሮ ሊገባ ይገባዋል።