ፖርሽ 911 ጂቲ3 አርኤስ ወይስ መርሴዲስ ኤኤምጂ ጂቲ ብላክ ሲሪስ?

ሁለቱም ሰሌዳ ለጥፈው በሕዝብ መንገድ የሚነዱ፣ ልባቸው ግን ውድድር ሜዳ ላይ ያለ መኪኖች ናቸው። በ2020 የወጣው ኤኤምጂ ባለ 8 ሲሊንደርና ባለ ሁለት ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ሞተሩ 730 የፈረስ ጉልበት ሲያመነጭ፣ የ2022ቱ ፖርሽ ያለ ተርቦ በደቂቃ እስከ 9,000 ዙር በሚሽከረከረው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተሩ 525 ብቻ ያወጣል። ሆኖም በጀርመን በሚገኘው የኑርበርግሪንግ ውድድር ሜዳ የ20.8 ኪሎ ሜትር ዙር ኤኤምጂው የቀደመው በአንድ ሰከንድ ከምናምን ብቻ ነው።

ፖርሹ የጉልበቱን ጉድለት የሚያካክሰው በአየር ነው፤ በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር ሲከንፍ አየሩ በ860 ኪሎ ግራም ኃይል ወደ አስፋልቱ ይጫነዋል፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ደግሞ አሽከርካሪው መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ ከኋላ ያለው ክንፍ የሚፈጥረውን ጫና ይቀንሳል። ለዚህ ሲባል የፊቱ የሻንጣ ቦታ ለራዲያተር ተሰጥቷል፤ ጓዝ ለሚያበዛ ሰው ኤኤምጂው ይሻላል፣ ኩርባ ለሚወድ ግን እኔ ፖርሹን እመርጣለሁ።